መስመሩ የት ይቀመጥ? የአዳኝ መነጽር ታሪክ ከዳበል ሜዳ ሲታይ

«ዓይን ያያል፤ ልብ ይፈርዳል» ይላሉ አበው። በዓይንና በልብ መካከል መስታወት ሲገባ ግን ፍርዱ የማን ይሆናል? ይህ ጥያቄ የፈላስፎች ብቻ አይደለም። ጠመንጃ ይዞ ዱር የወጣ ሰው ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ ሲመልሰው የኖረ ጥያቄ ነው።

በዛሬው ዘመን ስለ ረጅም ርቀት አደን የሚነጋገሩ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚከራከሩበት አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም በጠመንጃው መነጽር ውስጥ የሚታየው መስቀለኛ መስመር በፊተኛው የትኩረት ጠለል ላይ ይቀመጥ ወይስ በኋለኛው የሚለው ነው። ነገሩ ሲሰሙት የባለሙያዎች ጥቃቅን ክርክር ይመስላል። ሆኖም ከሥሩ ሲመረመር አራት መቶ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ ያለው፣ በመጨረሻም የአንድን እንስሳ ሞት ንጹሕ ወይም ሥቃይ የተሞላበት የሚያደርግ ጉዳይ ነው። በዳበልና በሞያሌ ዙሪያ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ታሪኩ ሩቅ አይደለም፤ ሜዳችን የብዙ ነፍጥና የብዙ አዳኝ መተላለፊያ ሆኖ ኖሯልና።

ተጠግቶ የመግደል ዘመን

በድሮው ሥርዓት የአዳኝ ክብር የሚለካው በቅርበት ነበር። በዚህ አገር ቀደምት አዳኞች ከሆኑት መካከል የሚቆጠሩት ዋታዎች በቀስትና በመርዝ ያድኑ ነበር። መርዙ በኦሮምኛ ቀራሩ ከሚባለው ዛፍ ተቀቅሎ በፍላጻው ጫፍ ላይ ይቀባል። ቀስት ከሩቅ አይሠራም፤ ስለዚህ አዳኙ ነፋሱን አጥንቶ፣ እግሩን አለዝቦ፣ የዝሆኑ ትንፋሽ እስኪሰማው ድረስ መጠጋት ነበረበት።

በሰሜን በኩልም በኢትዮጵያ መኳንንትና በወታደሩ ዘንድ ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽና አውራሪስ መግደል የጀግንነት ማረጋገጫ ነበር። ገዳዩ ሎቲ በጆሮው ያንጠለጥላል፤ በፉከራውም ግዳዩን ይቆጥራል። በዚያ ፉከራ ውስጥ ከሩቅ ሆኖ መምታት የሚያስመካ ነገር አልነበረም፤ የሚያስመካው መጋፈጥ ነበር። ከዝሆን ጥርስም ገዢው ድርሻውን ይወስድ ስለ ነበር አደኑ ክብርም ንግድም ነበረ።

በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ነገሩ ተለወጠ። ከጅቡቲ በኩል የገቡ የአውሮፓ ጠመንጃዎች በአገሩ ተበተኑ። ስናድር፣ ምንሽር፣ ከሁሉም በላይ ውጅግራ የሚሉት ስሞች ከዚያ ዘመን የቀሩን ናቸው። ውጅግራ የፈረንሳዩ የ1874 (እ.ኤ.አ.) «ፉዚ ግራ» በአማርኛ አንደበት ተለስልሶ ያገኘው መጠሪያ ነው። ይህ ጠመንጃ አንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ሲሆን ከኋላው ላይ ያለው ማነጣጠሪያ እንደ ቅጠል ተነሥቶ ከሺህ ሜትር በላይ እንዲያስተኩስ ተብሎ ቁጥር ተቀርጾበት ነበር። አዳኙ ግን ቁጥሩን እምብዛም አይፈልገውም ነበር። ዝሆን የሚገደለው በእርምጃ በሚቆጠር ርቀት ላይ ነው።

የነጮቹም አዳኞች ልማድ ከዚህ ብዙ አይለይም ነበር። ቱርካና ሐይቅን በ1888 (እ.ኤ.አ.) ካውንት ቴሌኪና ፎን ሆህነል ከደረሱበት በኋላ ዝሆን አዳኞች ወደ ሰሜኑ ምድር ጎረፉ። ከእነርሱ አንዱ የነበረው አርተር ኒውማን በ1896 በሐይቁ አካባቢ በዝሆን ክፉኛ ቆስሎ ከሞት አፋፍ ተመልሷል፤ መጽሐፉንም በ1898 አሳትሟል። በካራሞጃ ስሙ የገነነው ቤል ደግሞ ከሺህ በላይ ዝሆኖችን የገደለው በአብዛኛው ቀላል በሆነ የማውዘር ጠመንጃ ነው። ቤል የዝሆንን የራስ ቅል በመጋዝ አስከፍሎ አንጎሉ ያለበትን ቦታ ያጠና ሰው ነበር። ምስጢሩ ርቀት አልነበረም፤ ቦታውን ማወቅና ተጠግቶ መተኮስ ነበር።

ወሰንና ጥርስ

ይህ ሁሉ ጥርስ የተሸከመ ምድር በመካከሉ መስመር ተሠመረበት። ካፒቴን ፊሊፕ ሞድ በ1902 እና በ1903 (እ.ኤ.አ.) አገሩን እየተዘዋወረ ለካ። ታኅሣሥ 6 ቀን 1907 የኢትዮጵያና የእንግሊዝ መንግሥታት የወሰን ስምምነት በአዲስ አበባ ተፈራረሙ። ሻለቃ ቻርልስ ግዊን ደግሞ በ1908 እና በ1909 ወሰኑን በመሬት ላይ ሊያመለክት ተላከ። በእንግሊዞች የተቀጠረው ግሪካዊው ፊሊፕ ዛፊሮም በሞያሌ በመልእክተኛው በሃሪንግተን ስም የተጠራውን ምሽግ አቋቋመ።

መስመሩ በካርታ ላይ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ዝሆኑም አዳኙም ግን አላወቁትም። ከሰሜን የሚወርዱ የታጠቁ ጥርስ ፈላጊዎችና የእንግሊዝ ጠባቂዎች ሲጋጩ በ1913 ካፒቴን ኤይልመር የተባለው መኮንን በሞያሌ አካባቢ በእንዲህ ዓይነቱ ግጭት ተገደለ። ከዚያ በኋላ በሜጋ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው አርኖልድ ሆድሰን በደቡብ ኢትዮጵያ ስላሳለፋቸው ሰባት ዓመታት በ1927 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አንበሳ አደንና ስለ ጥርስ አዳኞች ጽፎልናል። ጥርሱ አለቀ፤ መስመሩ ቀረ።

የሸረሪቷ ሥጦታ

አሁን ከጠመንጃው ወደ መስታወቱ እንለፍ። የመስቀለኛው መስመር ታሪክ የሚጀምረው በወታደር ወይም በአዳኝ አይደለም፤ በሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነው። በእንግሊዝ አገር በሊድስ አቅራቢያ የኖረው ወጣቱ ዊልያም ጋስኮይን በ1630ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ኮከብ በሚያይበት መነጽር ውስጥ አንድ ቀን ሸረሪት ድሯን አድርታ አገኘ። ድሩ በአጋጣሚ የተዘረጋው የኮከቡ ምስል በሚያርፍበት ቦታ ላይ ስለ ነበር ድሩም ኮከቡም በአንድነት ጥርት ብለው ታዩት። ጋስኮይን ይህን አጋጣሚ ወደ መለኪያ መሣሪያ ለወጠው። እርሱ ራሱ በ1644 በእንግሊዞች የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳለ ወደቀ፤ መስመሩ ግን እስከ ዛሬ በእያንዳንዱ የጠመንጃ መነጽር ውስጥ ይኖራል።

ሸረሪቷ ያስተማረችው ቁም ነገር ይህ ነው፦ መስመር ከምስሉ ጋር ጥርት ብሎ የሚታየው ምስሉ በሚያርፍበት ጠለል ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ያን ጠለል የትኩረት ጠለል እንለዋለን።

መነጽር በጠመንጃ ላይ የተጫነው ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በአሜሪካ ጆን ቻፕማን በ1844 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ረጅም ቱቦ የጠመንጃ መነጽር ጻፈ። በኦስትሪያም የደን ሹም የነበረው አውጉስት ፊድለር በ1880 ለአደን የሚያገለግል መነጽር እንደ ሠራ ይነገርለታል። በእነዚያ ዘመናት ስለ ጠለል ምርጫ ክርክር አልነበረም። መነጽሩ የሚያጎላው በአንድ መጠን ብቻ ስለ ነበር መስመሩ በየትኛውም ጠለል ላይ ቢቀመጥ ለተኳሹ ልዩነት አልነበረውም። ክርክሩ የተወለደው ማጉላቱን እንደ ልብ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መነጽር በተሠራ ጊዜ ነው።

ሁለቱ ጠለሎች

በጠመንጃ መነጽር ውስጥ ምስሉ ሁለት ጊዜ ያርፋል። መጀመሪያ ከፊት ባለው ትልቅ መስታወት አማካይነት ተገልብጦ ያርፋል፤ ከዚያም በመካከል ያሉት መስታወቶች አቃንተውና አጉልተው ወደ ዓይን በቀረበው ጠለል ላይ ያሳርፉታል። የማጉሊያው መጠን የሚለወጠው በእነዚህ በመካከለኞቹ ነው።

መስመሩ ከእነርሱ በፊት፣ ማለትም በፊተኛው ጠለል ላይ ከተቀመጠ፣ ምስሉ ሲጎላ መስመሩም አብሮ ይጎላል፤ ሲያንስም አብሮ ያንሳል። ከእነርሱ በኋላ ከተቀመጠ ግን እንስሳው ሲተልቅና ሲያንስ መስመሩ ምንጊዜም በአንድ መጠን ይታያል።

ለማስረዳት ያህል በምሳሌ እናስበው። ፊተኛው ጠለል መስመሩን በሜዳው ላይ፣ በእንስሳው አጠገብ እንደ መሳል ነው። ቀርበው ቢያዩት ይተልቃል፤ ርቀው ቢያዩት ያንሳል፤ በእንስሳው ላይ የሚሸፍነው ስፋት ግን ፈጽሞ አይለወጥም። ኋለኛው ጠለል ደግሞ መስመሩን በቤትዎ መስኮት መስታወት ላይ እንደ መሳል ነው። መስመሩ እንደ ነበረ ነው፤ ከበስተጀርባው ያለው ሜዳ ግን ሲቀርብና ሲርቅ መስመሩ የሚሸፍነው ስፋት ይለያያል።

በዚህም ምክንያት ሁለት ልማዶች በዓለም ላይ ተፈጠሩ። በጀርመንና በኦስትሪያ ደኖች ውስጥ በምሽት ጨለማ ከርከሮና አጋዘን የሚጠብቁ አዳኞች ወፍራም መስመር ያለውን የፊተኛውን ጠለል ለረጅም ዘመን ይዘው ቆዩ። አሜሪካውያን በአንጻሩ መስመሩ ዒላማውን እንዳይሸፍንባቸው የኋለኛውን መረጡ። በ20ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ግን በመስመሩ ላይ የመለኪያ ምልክቶች እየበዙ ሲሄዱ ወታደሮችና የረጅም ርቀት ተኳሾች ወደ ፊተኛው ጠለል ተመለሱ።

በሳላ ደረት ላይ የተሰላ ስሕተት

የምርጫው ክብደት በቁጥር ሲታይ ይገባል። ብዙዎቹ መነጽሮች የሚለኩበት «ሚል» የሚባለው ምልክት በ100 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር፣ በ400 ሜትር ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል።

አንድ ተኳሽ ጠመንጃውን በ200 ሜትር ላይ አስተካክሎ ሳለ በ400 ሜትር ላይ የቆመ ሳላ አየ እንበል። ጥይቱ እዚያ እስኪደርስ 60 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል ብለን እናስብ። ተኳሹ አንድ ተኩል ምልክት ከፍ አድርጎ ቢያነጣጥር፣ አንድ ተኩል ጊዜ 40 ልክ 60 ነውና፣ ጥይቱ ደረቱን ያገኘዋል። መነጽሩ የፊተኛው ጠለል ከሆነ ማጉላቱ ስድስትም ይሁን አሥራ ሁለት ስሌቱ አይዛነፍም።

የኋለኛው ጠለል ከሆነ ግን ምልክቱ ትክክል የሚሆነው በአንድ የማጉሊያ መጠን ላይ ብቻ ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ከፍተኛ መጠን ነው። በ12 የተስተካከለው መነጽር በ6 ላይ ከሆነ እያንዳንዱ ምልክት እጥፍ ይሸፍናል። አንድ ተኩሉ ምልክት 60 ሳይሆን 120 ሴንቲ ሜትር ይሆንና ጥይቱ ከሳላው ጀርባ በላይ ያልፋል። እንስሳው ደንግጦ ይሮጣል፤ ይተርፋልም። መነጽሩ በ9 ላይ ቢሆንስ? አንድ ተኩሉ ምልክት 80 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል። ጥይቱ ከታሰበለት ቦታ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ በጀርባው አጥንት አካባቢ ይመታዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንፈልጋለን። ትልቁ ስሕተት እንስሳውን አተረፈው፤ ትንሹ ስሕተት ነው ያቆሰለው። የቆሰለ ሳላ ሩጦ ከቁጥቋጦ ይገባል፤ ለቀናትም ተሠቃይቶ ይሞታል፤ ወይም ሌሊት ጅብ ያገኘዋል። የመስመሩ ቦታ የሥነ ምግባር ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

«ታዲያ ለምን ሁልጊዜ በከፍተኛው መጠን አያየውም?» የሚል ይኖራል። መልሱን የእኛ አገር ፀሐይ ይሰጣል። በዲዳ ገልገሉ የድንጋይ ሜዳ ወይም በጨልቢ በረሃ እኩለ ቀን ላይ በመነጽር የተመለከተ ሰው አየሩ እንደ ፈላ ውሃ ሲንቀጠቀጥ ያያል። መነጽሩ ሲያጎላ ዒላማውን ብቻ ሳይሆን ይህንንም መንቀጥቀጥ ያጎላዋል። ስለዚህ በበረሃ ያለ ሰው ማጉሊያውን ዝቅ ማድረግ ይገደዳል፤ የኋለኛው ጠለል የሚያሳስተውም በዚያች ሰዓት ነው።

ፊተኛው ጠለልም ቢሆን ያለ ጉድለት አይደለም። ማጉሊያው ዝቅ ሲል መስመሩ እንደ ጸጉር ይቀጥናል። በማለዳ ወይም በምሽት ድንግዝግዝ፣ በእሾህ ቁጥቋጦ መካከል ቀጭኑን መስመር ዓይን ይስተዋል። በጥቅጥቅ ጫካ በአንድ መቶ ሜትር ውስጥ ለሚተኩስ ሰው ሁልጊዜ ጎልቶ የሚታየው የኋለኛው መስመር ይሻለዋል። በከፍተኛ መጠን ብቻ ለሚለካ፣ ወይም ምልክቱን ትቶ ከላይ ያለውን ማስተካከያ በማዞር ብቻ ለሚያርም ሰውም የኋለኛው በቂ ነው። በየትኛውም መጠን ላይ በምልክቱ ሊለካ የሚፈልግ ግን የፊተኛውን መምረጥ አለበት።

ይህ ምርጫ በኢትዮጵያ ዛሬም የሚኖርበት ቦታ አለ። ሻለቃ ቡክስተን በ1908 (እ.ኤ.አ.) ያገኘውና ሊደከር በ1910 ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ደጋ አጋዘን በባሌና በአርሲ ተራሮች ላይ፣ በኢትዮጵያ ብቻ ይኖራል። በሕግ በተከለሉ የአደን ቀበሌዎች ፈቃድ የተሰጠው አዳኝ ከአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ ሸለቆውን አሻግሮ ይጠብቀዋል። ጉም ይመጣል፤ ይሄዳል። ጥይት ግማሽ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ይፈጅበታል፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ አጋዘኑ አንድ እርምጃ ቢራመድ የትኛውም ጠለል አያድነውም። ስለዚህ የሠለጠነ መሪ ከሁሉ በፊት ለአዳኙ የሚነግረው «ቅረብ» ነው።

ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

እዚህ ላይ ለእውነት ስንል አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። የሜዳችንን ዝሆኖችና አውራሪሶች የጨረሰው መነጽር አልነበረም። በኬንያ በ1973 (እ.ኤ.አ.) 167,000 ያህል ይገመቱ የነበሩት ዝሆኖች በ1989 ወደ 16,000 ዝቅ አሉ። አውራሪስ በ1970 ወደ 20,000 ይገመት ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ከ400 አልበለጠም። ይህን ጥፋት ያደረሱት በአብዛኛው አውቶማቲክ ጠመንጃ የያዙ፣ በቅርብ የሚተኩሱና የማይቆጥሩ እጆች ናቸው። ከ1963 እስከ 1967 የነበረው የሽፍታ ጦርነት በሰሜን ኬንያ ያስከተለውን መከራ የዳበል አዛውንቶች፣ በተለይም ግመሎቻቸውን ያጡት ሳኩዬዎች፣ ያውቁታል። ከዚያ በኋላ ነፍጥ ከእረኛው ትከሻ አልወረደም።

መንግሥታትም ሕግ አወጡ። ኢትዮጵያ በ1944 (እ.ኤ.አ.) የዱር እንስሳት መጠበቂያ አዋጅ ደነገገች። ኬንያ በ1977 የስፖርት አደንን ፈጽሞ ከለከለች፤ በሐምሌ 1989 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሞይ 12 ቶን የዝሆን ጥርስ በናይሮቢ አቃጠሉ። እንግዲህ በአንድ ሜዳ ላይ፣ ከግዊን መስመር በሰሜን በኩል በፈቃድ የሚታደን እንስሳ፣ በደቡብ በኩል ፈጽሞ አይነካም። እንስሳው ይህን አያውቅም፤ የማወቅ ዕዳው የኛ ነው።

የአሕመድን ታሪክ እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። በማርሳቢት ተራራ ይኖር የነበረው ይህ ዝሆን ጥርሶቹ እጅግ ረጃጅሞች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸውም 67 ኪሎ ያህል ይመዝኑ ነበር። ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ በ1970 (እ.ኤ.አ.) በልዩ ትእዛዝ እንዲጠበቅ አደረጉ። ጠመንጃ የያዙ ጠባቂዎች ቀንና ሌሊት ይከተሉት ነበር። አሕመድ በ1974 በጥይት ሳይሆን በዕድሜው ሞተ፤ ምስሉም ዛሬ በናይሮቢ ሙዚየም ግቢ ቆሟል።

የአሕመድ ጠባቂዎችም እንደ አዳኝ ዓይናቸውን ከእርሱ አላነሡም፤ ጠመንጃም ይዘው ነበር። ልዩነቱ ዓይን ካየ በኋላ ልብ የፈረደው ፍርድ ነው። መስመሩ በፊተኛው ጠለል ይቀመጥ በኋለኛው ብሎ የሚጠይቅ አዳኝ መልካም ጥያቄ ጠይቋል፤ ስሕተቱን አስቀድሞ የሚያሰላ ሰው ሥቃይን ይቀንሳልና። ግን ከዚያ ጥያቄ በፊት የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ። በመነጽሩ ውስጥ የታየው እንስሳ ስንተኛው ነው? ከኋላውስ ስንት ቀርተዋል? በዳበል ሜዳ ላይ ይህን የጠየቀ አዳኝ አስቀድሞ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ለልጆቻችን ዝሆንን በሥዕል ብቻ አናሳይም ነበር።